እባብ ልታራቡ ነው? መጀመሪያ ጾታውን አረጋግጡ

እባብ ማራባት የጀመረ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቀለም ላይ ነው። ቀለሙ ይደርሳል። በእጃችሁ ያለው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ሻጩ «ጥንድ ናቸው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከገቡ የሚከተለው እንቁላል ሳይሆን ድብድብ ነው።

ጅራቱን ከሥር በኩል እዩት። ወንዱ ሁለት ብልት አለው፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ታጥፈው ጅራቱ ሥር ይቀመጣሉ። ስለዚህ የወንድ ጅራት ከሥር ካለው ቀዳዳ (ኩሱም ብልቱም ከሚወጣበት) በኋላ ወፈር እንዳለ ትንሽ ይሄድና ነው የሚቀጥነው፤ የሴቷ ቶሎ ይሾላል። ይሄ ግን ፍንጭ ብቻ ነው። የተሻለው መንገድ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቀጭን ብረት ቅባት ተቀብቶ፣ ከቀዳዳው ወደ ጅራቱ ጫፍ አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ሲገባ ነው። ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዓይነት ከሆነ፣ ሴቷ ላይ ሁለት ሦስት የጅራት ቅርፊት ያህል ሄዶ ይቆማል፣ ወንዱ ላይ ሰባት ስምንት ሊደርስ ይችላል። ወንዱ ጡንቻውን ካጠበቀ ብረቱ ቶሎ ይቆምና ሴት ይመስላችኋል። በፍጹም አትግፉት፣ ውስጡ ይቆስላል። የእንስሳት ሐኪም ወይም እጁ የለመደ ሰው ይሥራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሸክሙ ያለው ሴቷ ላይ ነው። የቦል ፓይተን ወንድ በአንድ ዓመት አካባቢ፣ 600 ወይም 700 ግራም ሲሆን ለመራባት ሊደርስ ይችላል። ሴቷን ግን ቢያንስ 1500 ግራም እስክትሞላና ወደ 3 ዓመት እስክትጠጋ ጠብቋት። እንቁላሉ የሚሠራው ከራሷ ስብ ነው፤ ስታረግዝ ብዙ ጊዜ መብላት ታቆማለች፣ ከጣለች በኋላም እንቁላሉን ከተዋችሁላት እስኪፈለፈል ሁለት ወር ገደማ ተጠምጥማበት ትቆያለች። ሳትደርስ የተገናኘች ሴት እንቁላሉ ውስጧ ቀርቶባት ልትሞት ትችላለች። ለአንድ ዓመት ትርፍ ብሎ ይህን ማድረግ ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወንዱንም አትርሱት። በመራቢያው ወቅት ምግብ ትቶ ይከሳል፤ በየመሃሉ አሳርፉት። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ ገንዘባችሁን ጤነኛ ሴቶች ላይ አውሉት።

የእንቁላሉን ሙቀት ከፍ ዝቅ በማድረግ ጾታ መምረጥ አይቻልም። እሱ የአዞና የብዙ ኤሊዎች ነገር ነው፤ እባብ ላይ የሚወስነው ክሮሞዞም ነው። ባናና የሚባለው የቦል ፓይተን ቀለም ደግሞ ጂኑ ያለው እዚያው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው። ባናና ወንድ ቀለሙን ከእናቱ ከወረሰ ባናና ልጆቹ በአብዛኛው ሴት ይሆናሉ፤ ከአባቱ ከሆነ ደግሞ ወንድ። ስለዚህ ስትገዙ ወላጆቹን ጠይቁ።

ሴት እባብ የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ ልትቆይ እንደምትችልም አስቡ። ዛሬ ያስገባችሁት ወንድ የልጆቹ አባት ላይሆን ይችላል። ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደገባ በየቀኑ ጻፉ።