እናታችሁ ለደም ቅዳ ብግነት ጥናት ሲጋበዙ ምን ትጠይቃላችሁ?

ቨርጂኒያ ውስጥ በሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የብግነት በሽታዎች) ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ብዙ የሐበሻ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። ዛሬ የምጽፈው ጃይንት ሴል አርቴራይቲስ ስለሚባለው በሽታ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎችን የሚይዝ የደም ቅዳ ብግነት (የደም ሥር መቆጣት) ነው። ወደ ዓይን የሚሄደውን ደም ከዘጋ ብርሃን ይወስዳል። የሄደ ብርሃን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

መጀመሪያ ምልክቱን በደንብ አስረዱ። «ራሴን ያመኛል» ብቻ ሐኪሙን የትም አያደርሰውም። እናታችሁ ድሮ ሻሽ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩ ይሻላቸው ነበር? አሁን ሻሹ ሲነካቸው የሚያማቸው ከሆነ ይህን ንገሩት። ሥጋ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ዝሎ ያቆማሉ፣ አረፍ ብለው ደግሞ ይጀምራሉ? እሱንም ንገሩት። ብዙ ሰው የጥርስ ጉዳይ መስሎት ያልፈዋል። አንድ ዓይናቸው ለአፍታ እንኳ ከጨለመባቸው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። «የነጮች በሽታ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉ። በ2019 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት በጥቁርና በነጭ ታካሚዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ሐኪሙ በጣም ከጠረጠረ ብግነቱን የሚያበርደውን ስቴሮይድ ወዲያው ያስጀምራል፤ የምርመራ ውጤት አይጠብቅም። አልትራሳውንዱ ግን ቶሎ ይሠራ። መድኃኒቱ ሲሠራ በደም ቅዳው ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቀለበት በቀናት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከደም ቅዳው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ፣ በሽታው አለ ካለ አለ ነው። የለም ሲል ግን አትዘናጉ። ታቡል በተባለው የእንግሊዝ ጥናት፣ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ባዮፕሲ የለየው 39 በመቶውን፣ አልትራሳውንድ ደግሞ 54 በመቶውን ነው።

አሁን ወደ ግብዣው። ልጆች ቶሎ የሚጠይቁኝ «ባዶ መርፌ (መድኃኒት የሌለበት ማወዳደሪያ) ቢደርሳትስ?» ብለው ነው። ልክ ናቸው፣ መጠየቅ አለበት። ቶሲሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ለዚህ በሽታ የፈተነውን፣ በ2017 ውጤቱ የወጣውን ጃይአክታ የተባለ ጥናት እንይ። 251 ሰዎች ገቡ። ባዶ መርፌ የደረሳቸውም ቢሆኑ ፕሬድኒሶናቸውን (ስቴሮይዱን) ይወስዱ ነበር። ፕሬድኒሶኑ በ26 ሳምንት ተቀንሶ ከቆመላቸው መካከል፣ በየሳምንቱ ቶሲሊዙማብ የተወጉት 56 በመቶ በዓመቱ በሽታው ሳያገረሽባቸው ቆዩ። ባዶ መርፌ ከወሰዱት እንዲህ የቆዩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እናንተም «ስቴሮይዱን ሁሉም ይወስዳል? በስንት ሳምንት ይቀነሳል? ቢያገረሽ ምን ታደርጋላችሁ? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማን ይከፍላል?» በሉ። መልሱን በስምምነት ቅጹ ላይ ያሳዩአችሁ። ቅጹን ቤት ወስዳችሁ በአማርኛ አንብቡላቸው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ፈራሚዋ እናታችሁ ናቸው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ለእኛ ሰው አንድ የምጨምረው ቲቢ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ አስቀድሞ ይመረመራል። ድሮ አገር ቤት ታክመው ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ከነበረ፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። ቶሲሊዙማብ ሲአርፒ የሚባለውን፣ ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ ዝቅ ስለሚያደርገው ኢንፌክሽንም ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ትኩሳት ቢሆንም ደውሉ።

ከጥናቱ በፈለጉት ቀን መውጣት ይችላሉ። ፕሬድኒሶኑን ግን በአንዴ አያቁሙ። በጾም ምክንያት ሰዓቱን መቀየር ከፈለጉም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ።