ፊዚክስ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መምህርነት ካልሆነ ሥራ የለም» ማለት። የካሊብሬሽን (የመለኪያ መሣሪያዎች ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ላቦራቶሪ፣ የሶላር ተከላ፣ የጨረራ ቁጥጥር፣ ሚቲዎሮሎጂ፣ የጂኦተርማል ፍለጋ፣ የዳታ ሥራ፤ እነዚህ ሁሉ በር ናቸው። አንዳቸውም ግን «ፊዚክስ አውቃለሁ» ስላሉ ብቻ አይከፈቱም። መምህርነቱም ቢሆን ለሁለተኛ ደረጃ ከዲግሪው በላይ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለትም ፒጂዲቲ፣ ይፈልጋል፤ «ሌላው ካልተሳካ» ተብሎ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አይደለም።

ሜትሮሎጂንና ሚቲዎሮሎጂን ማምታታት። የመጀመሪያው ሥነ ልክ፣ ማለትም የልኬት ሳይንስ፣ ነው፣ ሁለተኛው የአየር ጠባይ። ለሥነ ልክ ተቋም ስለ ዝናብ ትንበያ የተጻፈ ማመልከቻ ዛሬም ይደርሳል።

ሲቪ ላይ የኮርስ ስም መደርደር። ኳንተም ሜካኒክስ 1 እና 2 ስቱደንት ኮፒው ላይ አሉ። «ፓይተን» የምትለዋ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስም ብቻዋን ምንም አትናገርም። አንድ የተጨረሰ ሥራ አሳዩ፤ ለምሳሌ የአንድ ጣቢያ የዕለት ዝናብ መዝገብ ተጣርቶ ወርኃዊ ድምሩ የወጣበትን። እዚያ ውስጥ ፈታኙ ቀድሞ የሚያየው የጎደሉትን ቀናት ምን እንዳደረጋችኋቸው ነው። የጎደለ ቀን 0 ተብሎ ከገባ ክረምቱ ይደርቃል፤ የጎደለ ቀን ምልክት ሆኖ -999 ተብሎ የተሞላውን ሳታወጡ አማካይ ከሠራችሁ ደግሞ ዝናቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግራፉን አንድ ጊዜ ቢያዩት የሚያጋልጥ ስህተት ነው፣ ግን አያዩትም።

ውጤትን ያለ አንሰርተንቲ፣ ማለትም ልኬቱ ሊዛባ የሚችልበትን ወሰን ሳይገልጹ፣ መጻፍ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። አራት ዓመት ሙሉ የላብ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ልጅ፣ ዕቃውን ሰባት ጊዜ መዝኖ 100.01428571 ግራም ብሎ ይሰጣል። ሚዛኑ የሚያሳየው እስከ 0.01 ግራም ነው፤ ያ ሁሉ አኃዝ ከየት መጣ? ከካልኩሌተሩ! በአይኤስኦ 17025 (የፍተሻና የካሊብሬሽን ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ) የሚሠራ ላቦራቶሪ የሚሸጠው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን ጭምር ነው። እንግዲህ ይህችን ስሌት በእጃችሁ ሥሯት። ዕቃው አሁን 10 ጊዜ ተመዘነ፣ አማካዩ 100.014 ግራም፣ የንባቦቹ ስታንዳርድ ዲቪየሽን 0.02 ግራም ሆነ እንበል። ለ10 ስኩዌር ሩት ሲካፈል 0.0063። ሚዛኑ በ0.01 እርከን ስለሚዘል 0.01ን ለ12 ስኩዌር ሩት አካፍሉ፣ 0.0029። የሚዛኑ ሰርተፊኬት «0.02 ግራም፣ ኬ = 2» ካለ አንሰርተንቲው አስቀድሞ በ2 ተባዝቷል ማለት ነውና ለ2 ይካፈላል፣ 0.01። ሦስቱን ስኩዌር አድርጋችሁ ደምሩ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በ2 አባዙ፤ 0.024 ግራም ገደማ ነው። መልሱ እንግዲህ 100.014 ± 0.024 ግራም ተብሎ ይጻፋል። ሰርተፊኬቱን ለ2 ማካፈል የረሳ 0.042 ያገኛል፣ የትክክለኛውን 1.7 እጥፍ ገደማ። ይህን የሚረሳው ደግሞ ጀማሪ ብቻ አይደለም።

የኦም ሕግን ደጅ ጥሎ ሶላር ቤት መግባት። የፓነልና የባትሪ ስሌቱን አብዛኛው ያገኘዋል፣ የሚያስወድቀው ሽቦው ነው። በ12 ቮልት 10 አምፒር የሚስብ ፍሪጅ ከባትሪው 10 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተገናኘ እንበል። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው (መመለሻውን መርሳት የተለመደ ነው)፤ ሬዚስታንሱ 0.14 ኦም፣ ጠብታው (ሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ) 1.4 ቮልት። ፍሪጁ አልነሣ ሲል ባትሪው ይሰደባል፣ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ፍሪጁ አሁንም አይነሣም። በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ጠብታው 0.35 ቮልት ብቻ ነበር። ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ዕቃው እየሠራ ቮልቴጁን ባትሪው ላይም ዕቃው ላይም ለኩ፤ ጭነት በሌለበት የተለካ ቮልቴጅ ስለ ሽቦው አይናገርም።

ሜዲካል ፊዚክስ፣ ማለትም በሆስፒታል ጨረርን የመለካትና የመቆጣጠር ሙያ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ይገባል ብሎ ማሰብ። አይገባም። ማስተርስ ያስፈልጋል፤ ከዚያም የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መመሪያ ቢያንስ 2 ዓመት በሆስፒታል፣ በባለሙያ ክትትል ሥር መሠልጠንን ይጠይቃል። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው የ2 ዓመት ማስተርስ የሆስፒታሉን ሥልጠና ያጣመረ ነው። ሥራው ግን እንደ ስሙ አያብለጨልጭም፤ በየጠዋቱ ታካሚ ከመግባቱ በፊት የጨረር ሕክምና ማሽኑ የጨረር መጠን ከመነሻው በ3 በመቶ ውስጥ መሆኑን መፈተሽና መመዝገብ ነው። ድግግሞሽ የሚሰለቸው ከወዲሁ ሌላ በር ያንኳኳ።

ወረቀትን እስከ መጨረሻው ሳምንት ማቆየት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ ለተቋሙ የሚላክ እንጂ በእጅ የሚያዝ አይደለም፤ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ካልተዘጋ ደግሞ ጭራሽ ሊከለከል ይችላል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ጠይቁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ መምህርም በዚያው ሳምንት ንገሯቸው።