ስለ ጭልፊትና ስለ ግራውስ አደን ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ኦገስት 12 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 6 መሆኑ ነው፣ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ጋራዎች የጠመንጃ ድምፅ ይጀምራል። የሚታደነው ወፍ ግራውስ ይባላል፤ ቆቃችንን የሚመስል፣ ቀላ ያለ የዱር ወፍ ነው። መኖሪያው የስሜን ተራሮች አስታ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ ነው። በዚያው ቁጥቋጦ ሥር፣ መሬት ላይ ጎጆውን የሚሠራ ሄን ሃሪየር የተባለ ጭልፊትም አለ። ስሙ ዶሮ አስጨናቂ እንደማለት ነው። ጭልፊቱ የግራውስ ጫጩት ስለሚበላ በማደኛ ጋራዎች ይገደላል። የእነዚህ የሁለቱ ጉርብትና ብሪታንያን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። በዚያ አገር የምንኖር ሐበሾችም በወሬው መሐል ስንገባ ጥቂት ስህተቶችን እንደጋግማለን። እኔም የመጀመሪያውን ለረጅም ጊዜ ስሠራው ኖሬያለሁ።

እሱም አደንን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። በብሪታንያ በብዛት የሚተኮሰው ፌዛንት ነው፤ ዘሩ ከእስያ የመጣ፣ በሰው እጅ ተፈልፍሎና አድጎ በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች ወደ ሜዳ የሚለቀቅ ወፍ። ግራውስ ግን እንዲህ ተራብቶ አይለቀቅም። ባለርስቱ ቁጥሩን የሚያበዛው ቀበሮና ቁራ በማስገደልና ቁጥቋጦውን በየተራ በማቃጠል ነው። የግራውስ አደን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በእግር እየዞረ ለሚያድን ጥቂት ወፍ ይበቃዋል። በውዱ አደን ግን ተኳሾቹ በየምሽጋቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አባራሪዎች ባንዲራ እያውለበለቡ ወፉን ወደ እነሱ ይነዱታል። የቀኑ ዋጋ የሚተመነው በሚወድቀው ወፍ ብዛት ስለሆነ ጋራው በግራውስ መሞላት አለበት። ይህን ያልለየ ሰው ጭልፊቱ በክፋት ብቻ የሚገደል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከክፋት ይልቅ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛውን ስህተት የሚሠሩት በአብዛኛው ወፍ ወዳዶች ናቸው፤ ጭልፊቱ ግራውስን ምንም አይጎዳም ይላሉ። ይጎዳል። በደቡብ ስኮትላንድ ላንግሆልም በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረ ጥናት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጭልፊቶቹ ሙሉ ጥበቃ ሲያገኙ፣ የሚራቡት ሴቶች በአምስት ዓመት ከ2 ወደ 20 ደረሱ። ግራውሱ ተመናመነ፤ ውዱ አደንም ቆመ። አዳኞች እስከ ዛሬ ይህን ታሪክ እንደ ፍርድ ወረቀት ይዘውት ይዞራሉ። ሲተርኩት ግን አንድ ነገር ይዘላሉ፤ የበግ ግጦሽ ቁጥቋጦውን አስቀድሞ አመናምኖት፣ ግራውሱም ከጥናቱ በፊት እየቀነሰ ነበር። በኋላ በዚያው ስፍራ ለጭልፊቶቹ ሌላ ምግብ ሲቀርብላቸው የሚወስዱት የግራውስ ጫጩት በጣም ቀነሰ። ሆኖም ግራውሱ አደኑን ለመመለስ እስኪበቃ ድረስ አልበዛም። ላንግሆልምን ለአንድ ወገን ብቻ ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

ሦስተኛው፣ ሕግ አለና ነገሩ አልቋል ብሎ ማሰብ ነው። ጭልፊቱ ከ1954 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በ2013 ግን በመላው እንግሊዝ አንድም ጥንድ ጫጩት ማሳደግ አልቻለም። በአንጻሩ የአገሪቱ መሬት ከ300 በላይ ጥንዶችን እንደሚችል ተገምቷል። ሕጉ ለምን አይሠራም? ጋራው ሰፊ ነው፣ ምስክር የለም፣ ሬሳውም ይቀበራል። ሬሳ ካልተገኘ ወንጀል የለም የሚለውን ክርክር ያናጋው ጭልፊቶቹ ጀርባ ላይ የታሰረው የሳተላይት መከታተያ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት 58 ጭልፊቶችን ተከታትሎ፣ 72 ከመቶው በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸው የተረጋገጠ ወይም በጣም የሚያጠራጥር መሆኑን አሳየ። የሚሞቱበት ወይም የመከታተያቸው ምልክት የሚጠፋበት ዕድል በግራውስ ማደኛ መሬት ላይ ከሌላው ስፍራ አሥር እጥፍ ነበር። መከታተያ ይበላሻል ለሚሉ፣ ብልሽት መሬት አይመርጥም ብዬ እመልሳለሁ።

ባለርስቱ ማደኛውን እንዲጠብቁለት የቀጠራቸውን ሠራተኞች ሁሉ ገዳይ ማለትም ስህተት ነው። ቀበሮና ቁራ በሚቀነስበት ጋራ፣ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ሌሎች ወፎች በተሻለ ይራባሉ፤ ይህ በሙከራ የታየ ነው። ደግሞም ተቀጣሪውን እያወገዙ ቀጣሪውን መርሳት ተገቢ አይደለም። ስኮትላንድ ከ2012 ጀምሮ ባለርስቱንም ተጠያቂ ማድረግ ችላለች፤ በ2024 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ግራውስ ለማደን ፈቃድ ግድ ሆኗል። ፈቃዱ የወንጀል ፍርድ ሳይጠበቅ ሊታገድ ይችላል። ምስክር ለሌለው ጋራ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለው መፍትሔ ይህ ይመስለኛል። እንግሊዝ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የላትም።

በ2023 በእንግሊዝ 54 የጭልፊቱ ጎጆዎች መታየታቸውን ሰምተው ነገሩ ተፈታ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በዓመቱ ቁጥሩ ወደ 34 ወረደ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በጋራው ስትሄዱ የሞተ ጭልፊት ወይም መሬት ላይ የተጣለ አጠራጣሪ ሥጋ ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩት፤ ውሻችሁንም ያዙት። ለጭልፊት ማጥመጃ ከሚውሉት መርዞች አንዳንዶቹ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ሰውነት ይገባሉ። ሬሳውን በዙሪያው ካለው መሬት ጋር ፎቶ አንሱ፤ የቦታውን ምልክት በስልካችሁ መዝግቡና ለፖሊስ በ101 ደውሉ። ወጥመድ ካያችሁ አትስበሩት፤ አንዳንዱ ሕጋዊ ነው፤ ሕገ ወጥ ከሆነም ማስረጃውን የምታጠፉት እናንተ ትሆናላችሁ።