ለአሮጌ ቮልስ ቸርኬ ጠቆር ያለ ቀይ ስትመርጡ

ጠቆር ያለ ቀይ ቆርቆሮው ውስጥ ሲታይና ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ላይ ሲቀባ አንድ አይደለም። እኔ ይህን ያወቅኩት ከአባቴ የወረስኩትን ቮልስ ቸርኬዎች ካስቀባሁ በኋላ ነው። መኪናዋ ክሬም ናት። አዳማ አንድ ቀለም ቤት ገባሁ፣ በመብራት ስር ካርዱን አገላበጥኩና በጣም ያማረኝን ቦርዶ አስበጠበጥኩ። ቀለም ቀቢው ልጅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስኮርታው (መጠባበቂያ ጎማው) ላይ እንሞክረው» ብሎኝ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር አልሰማሁትም። አምስቱም ተቀብተው፣ ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ቀዩ ጠፋ። ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ጥቁር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቸርኬ ቀኑን ሙሉ በፓራፋንጎ ጥላ ስር ነው የሚውለው። ጎድጓዳ ስለሆነ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ከፊሉ ብቻ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ጎማ ደግሞ ብርሃን አይመልስለትም። ስለዚህ ካርዱ ላይ ልባችሁን የማረከውን ቀለም ተዉትና ከእሱ አንድ ደረጃ ፈካ ያለውን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ «ትንሽ በዛ» የሚያስብለው ቀይ ነው መኪናው ላይ ጠቆር ያለ ቀይ የሚሆነው።

ቀጥሎ ቀዩ ወዴት እንደሚያደላ ተመልከቱ። ጠቆር ያለ ቀይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ቀይ ስር ያደላል፣ ማለትም ውስጡ ሐምራዊ አለው። ሌላው ወደ አዋዜ ያደላል፣ ቡናማ አለው። ለብቻቸው ስታዩአቸው ልዩነቱ ላይታያችሁ ይችላል። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ወዲያው ይለያሉ። ክሬም፣ ቢጫማ ነጭ ወይም የአሸዋ ቀለም ላለው መኪና አዋዜው ይሄዳል። ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ውሃ ሰማያዊ ከሆነ ቀይ ስሩን ውሰዱ። አረንጓዴ መኪና ላይ ግን ቀይ ቸርኬ ይጣላል ባይ ነኝ፣ ክሬም ቸርኬ ይሻለዋል። መኪናው ራሱ ቀይ ከሆነ ደግሞ ወይ ቁርጥ ራሱን ቀለም አድርጉ፣ ወይ በግልጽ የሚለይ አድርጉ፤ ለመመሳሰል ሞክሮ ያልተሳካለት ቀይ ከሁሉም የከፋ ነው።

ከቀለም ቤት ጋር ለመግባባት የሚቀለው በቁጥር ማውራት ነው። ራል የሚባለው የጀርመኖች የቀለም ቁጥር (እ.ኤ.አ. በ1927 ነው የተጀመረው) ለዚህ ይጠቅማል። 3003 ሩቢ ቀይ ነው፣ ጥርት ያለ። 3004 ወደ ሐምራዊ ያደላል። 3005 የወይን ጠጅ ቀይ ነው፣ የእኔ የመጀመሪያው ቀለም እሱ አካባቢ ነበር። 3007 ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው፣ ለቸርኬ አትሞክሩት። 3011 ቡናማ ቀይ ነው፤ ሁለተኛ ሳስቀባ የመረጥኩት እሱን ነው፣ ክሬሟ መኪና ላይ ዛፉ ላይ እንደበሰለ የቡና ፍሬ ሆኖ ወጣ። ቁጥሩን ስልክ ላይ አይታችሁ ግን አትወስኑ። የአንዱ ስልክ ቀይ የሌላው ስልክ ቀይ አይደለም። የወረቀቱን ካርድ ይዛችሁ ውጡና በፀሐይ፣ መኪናው አጠገብ እዩት።

በጥባጩ «ቀዩ ላይ ጥቁር ጠብ ላድርግበት?» ካላችሁ እምቢ በሉ። ብርቱካናማ ያለበት ቀይ ላይ ጥቁር ሲጨመር ቡኒ ይሆናል፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። ከመነሻው ቦርዶ የሆነ ቀለም ይዞ በቀይ እንዲያፈካው ጠይቁት።

ከዚያ ሙከራው። ስኮርታውን ከኮፈኑ ስር አውጡ። ከስር የሚቀባው አንቲረስት (ዝገት መከላከያው) ምን ዓይነት እንደሆነም አሁኑኑ ወስኑ፣ ምክንያቱም ቀይ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነውና ከስሩ ያለው ይታይበታል። ነጭ ላይ ሲቀባ ይፈካል፣ ወደ ሮዝ ሊሄድም ይችላል። ጥቁር ላይ ይሞታል። መካከለኛ ግራጫ ወይም ሸክላ የሚመስለው አንቲረስት ይሻላል። በሙከራው የተጠቀማችሁበትን ራሱን ለአምስቱም ተጠቀሙ። ሁለት ሦስት ዙር ሳይቀባ ደግሞ ፍርድ አትስጡ። ሲደርቅ ስኮርታውን መኪናው ላይ ግጠሙት፣ ኮፓውንም (የቸርኬውን መሃል ክዳን) ክደኑት፣ ምክንያቱም የኒኬሉ ብልጭታ ቀዩን ይለውጠዋል። በጠዋት፣ እኩለ ቀን ላይና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እዩት። አሥር እርምጃ ራቁ። ሦስቱንም ጊዜ ቀይ መሆኑ ከታያችሁ ያ ነው ቀለማችሁ።

የከተማችንን አቧራም አትርሱ። የአዳማ አቧራ ነጣ ያለ ነው። በጣም ጠቁሮ በጣም በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ አንድ ቀን ሳይሞላው ይታያል። አዋዜው ቀይ አቧራውን ይችላል። ያለ ብርቅርቅታ የሆነውን ግን አልመክርም፤ ቆሻሻ ይይዝበታል፣ ሲያጥቡትም ቶሎ አይለቅም።

አቀባቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎማውን ጎሚስታ ያውልቀው፣ ሳይወልቅ በፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ጠርዙን ያበላሻል። ዝገቱን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ240 ቁጥር፣ አንቲረስቱን ደግሞ ከደረቀ በኋላ በ400 አስፈግፍጉት። ነፋሱን ተጠንቀቁ። ከተማው ዳር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋስ ስላለ ነው፣ ያው ነፋስ አቧራውን እርጥብ ቀለም ላይ ይዞ ይመጣል። በጠዋት፣ መሬቱን ውሃ ረጭታችሁ፣ ከለላ ያለበት ቦታ ይቀባ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ቀለም ከሆነ የሚረጨው ልጅ ተገቢውን ማስክ ያድርግ፤ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቸርኬው የፍሬኑ ታምቡር ላይ የሚያርፍበት የጀርባ ገጽና ቡሎኑ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ወፍራም ቀለም እንዳይቀባ። እዚያ ያለ ቀለም ሲነዳ እየተጨመቀ ይሳሳል፣ ቡሎኑም ይላላል። በፕላስተር ሸፍኗቸው። ከገጠማችሁ በኋላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ፣ ለምሳሌ ሶደሬ ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

የተረፈውን፣ ሃርድነር ያልገባበትን ቀለም በትንሽ ጠርሙስ አፉ ድረስ ሙሉትና ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት፤ አየር ከገባበት ይጓጉላል። ጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን፣ የአንቲረስቱን ቀለምና ስንት ዙር እንደተቀባ ጻፉበት። ጠጠር የሚያነሳውን ቦታ በቀጭን ብሩሽ ለመንካት ያስፈልጋችኋል።