ጢምና ማጅራት ላይ የሚወጡ እብጠቶች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከተላጩ በሁለተኛው ቀን አገጭዎ ሥር ያሳክክዎታል። ሲዳስሱት ይሻክራል። በመስታወት ሲያዩት መሃሉ ላይ ጸጉር ያለበት፣ ጫፉ መግል የቋጠረ ትንሽ እብጠት ነው። የጸጉር ሥር ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ሐኪሞች ፎሊኩላይትስ ይሉታል። ብዙዎቻችን ግን «ብጉር ነው» ብለን እናልፈዋለን።

የመጀመሪያው ስህተት ከሥሩ ድረስ መላጨት ነው። ከርዳዳ ጸጉር በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ደግሞ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ቆዳው እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ያብጣል። ቆዳን ወጥሮ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ መላጨት ያባብሰዋል። ቢያንስ ለአንድ ወር ምላጩን ያቁሙ። የገባው ጸጉር ሲረዝም አብዛኛው ራሱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በቶንዶስ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቆረጡ።

ማጅራትን ቸል ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። ጸጉር ቤት ስንሄድ መጨረሻ ላይ ማጅራታችን በምላጭ ይስተካከላል። እዚያ የሚወጡት ጠጣር እብጠቶች ሲቆዩ እርስ በርስ ይያያዙና ወፍራም ጠባሳ ይሆናሉ። በተለይ ከርዳዳ ጸጉር ያላቸው ጥቁር ወንዶች ላይ ይበዛል። የሸሚዝ ኮሌታ መፈግፈጉም ይጨምርበታል። እኔ «ይጠፋል» እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየሁት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ጸጉር አይበቅልልኝም። እባክዎ ገና ምስር ሲያክል የቆዳ ሐኪም ያሳዩት። ጸጉር አስተካካዩንም «ማጅራቴን በምላጭ አትንካው» ይበሉት፤ አይፈሩ።

በጥፍር ማፍረጥም አለ። ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ብዙ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። እብጠቱን ሲጨምቁት ወደ ውስጥ ይገፋና ብጉንጅ ይሆናል። ይልቅ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረው 10 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡበት፤ በቀን ሦስት ጊዜ።

ሌላው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቅባት መግዛት ነው። ቤታሜታዞን (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሳል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። መንስኤው ፈንገስ ከሆነ ግን ያስፋፋዋል። ደረትና ጀርባ ላይ የሚወጡ፣ በመጠን የሚመሳሰሉና በጣም የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ብዙ ጊዜ ፈንገስ ናቸው። እነሱን አንቲባዮቲክ ጭራሽ ሊያባብሳቸው ይችላል።

ሴቶችና ልጆች ላይ ደግሞ ተወጥሮ የተሠራ ሹሩባ አለ። ግንባር ዳር ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ራስ ካሳመመ «ይለመዳል» አይባልም፤ ይፈታ። ከቆየ የግንባር ጸጉር ይሳሳል።

ትኩሳት ካለ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ብጉንጅ ከተመላለሰብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታከሙ። ለሚመላለሰው ብጉንጅ ስኳርዎንም ይለኩ።