የኢኮ ልኬት ሲያሳስት፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው

አንድ ታካሚ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስቶ፣ የግራ ታችኛው የልብ ክፍል ስፋት መጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 56 ሚሊሜትር ተብሎ ቢመዘገብ፣ ልቡ ሰፍቷል ብሎ ከመጻፍ በፊት ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት ይገባል። የታካሚው ሁኔታ ካልተለወጠ በስተቀር እንዲህ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከአለካኩ ነው።

ስፋቱ ሲጋነን

ከደረት አጥንት ግራ ጠርዝ በሚነሳው የቁመት ምስል ላይ የልቡ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከታየ፣ የኤም ሞድ (በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ብቻ የሚለካው ዘዴ) መስመሩ ክፍሉን በሰያፍ ያቋርጠዋል። ካሮት በሰያፍ ሲቆረጥ ፊቱ እንደሚረዝም ሁሉ፣ ስፋቱም ካለው በላይ ይነበባል። ስህተቱ እንደ ቀላል መታየት የለበትም፤ ማሽኑ ይዘትን ከስፋት ሲያሰላ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚያባዛው፣ የ12 በመቶው ልዩነት እስከ 40 በመቶ ሊያድግ ይችላል። መፍትሄው ፕሮቡን (ደረት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን መሣሪያ) አንድ የጎድን አጥንት ክፍተት ወደ ላይ ማንሳት ነው። ያም ካልተሳካ ኤም ሞዱን ትቶ፣ ሚትራል ቫልቭ (በግራ ላይኛውና ታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) እንደተዘጋ ምስሉን አቁሞ፣ ከቫልቩ ቅጠሎች ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከክፍሉ ቁመት ጋር 90 ዲግሪ በሚሠራ መስመር መለካት ያስፈልጋል።

ይዘቱ አንሶ ኢጀክሽን ፍራክሽን (ታችኛው ክፍል በአንድ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ) ሲበዛ

የልቡ ጫፍ ድቡልቡል ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ምት ወደ ቫልቩ እየተሳበ የሚታይ ከሆነ፣ ምስሉ እውነተኛውን ጫፍ ስቶ ክፍሉን አሳጥሮታል ማለት ነው፤ እውነተኛው ጫፍ ቀጭንና እምብዛም የማይንቀሳቀስ ነው። ታካሚውን በደንብ በግራ ጎኑ ማስተኛት፣ ፕሮቡን አንድ ክፍተት ወደ ታችና ወደ ጎን ማውረድ፣ ትንፋሹንም አስወጥቶ ጥቂት ማስያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይዘቱን ለመለካት የክፍሉ ውስጥ በመስመር ሲከበብ፣ የፓፒላሪ ጡንቻዎች (የቫልቩን ቅጠሎች የሚይዙት) በመስመሩ ውስጥ ሆነው ከክፍሉ ይዘት ጋር ይቆጠራሉ።

የግራ ላይኛው ክፍል ጤነኛ መስሎ ሲታይ

በአገራችን በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቫቸው የጠበበ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ይህ ስህተት እኛ ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል። ላይኛው ክፍል ከፊት በደረት አጥንት፣ ከኋላ በአከርካሪ ስለሚገታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰፋም፤ ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ የተለካው አንድ መስመር 39 ሚሊሜትር እያለ ይዘቱ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ይዘቱ የሚለካው ሚትራል ቫልቭ ሊከፈት ሲል ባለው ቅጽበት፣ ከባለ አራት እና ከባለ ሁለት ክፍል ምስሎች ነው። በሁለቱ ላይ የሚገኘው ቁመት ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ ምስሉ እንደገና ይነሳ። ለታችኛው ክፍል የተስተካከለ ምስል ላይኛውን ሊያሳጥረው ስለሚችል፣ ለላይኛው ለብቻው መቅዳት ይሻላል። ከሳንባ የሚመጡት ደም መላሾችና የክፍሉ ጆሮ (ከጎኑ የወጣችው ትንሽ ከረጢት) ከመስመሩ ውጭ ይቀራሉ።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ከላይኞቹ ክፍሎች የሚነሳ የልብ ምት መዛባት) ያለበት ሰው ልኬቱ ከምት ምት ስለሚለያይ፣ ቢያንስ የአምስት ምት አማካይ ይወሰዳል።

ምስሉ ትክክል፣ ውጤቱ ስህተት ሲሆን

የላይኛው ክፍል ይዘት ለሰውነት ገጽ ስፋት ተካፍሎ በካሬ ሜትር ከ34 ሚሊሊትር ከበለጠ ሰፍቷል ይባላል። ቁመቷ 160 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ 53 ኪሎ የሆነች ሴት ይዘቱ 58 ሚሊሊትር ቢሆን ውጤቱ 38 አካባቢ ነው። ክብደቷ በስህተት 83 ተብሎ ከገባ ግን ውጤቱ ከ34 በታች ወርዶ ማሽኑ ጤነኛ ይላታል። ታካሚዋን ከመልቀቅ በፊት በስክሪኑ ላይ ያለውን ክብደት ከካርዷ ጋር ማስተያየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።