መንገድ ሲሰፋ የጎርፍ ማፋሰሻው አብሮ እንዴት ይስተካከላል?

አራት መስመር የነበረው መንገድ ስድስት ሲሆን የሚሰፋው አስፋልቱ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲመጥ የኖረው የዳር አፈርና ሣር በንጣፍ ይሸፈናል፣ የመንገዱ ጠርዝም ከነበረበት ይርቃል። አሮጌው ቦይ ግን የተሠራው ለድሮው ጠርዝና ለድሮው የውሃ መጠን ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ጀምራ 2,100 ሜትር ገደማ ወዳለው አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ስለሆነች፣ ላይ ያልተያዘ ውሃ ታች ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል።

ከመውጫው ጀምሩ

ዲዛይኑም ግንባታውም ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቦዩ የሚያፈስበት ወንዝ፣ ቀበናም ይሁን ግንፍሌ፣ ክረምት ላይ እስከ የት እንደሚሞላ በደለሉና በዳሩ በተንጠለጠለው ፌስታል ይታወቃል። የመውጫው ቱቦ ወለል ከዚያ ምልክት በታች ከሆነ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ መንገዱ ላይ ይተኛል። መውጫው ላይ የክንፍ ግንብና ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ካልተደረገ ደግሞ ፍሰቱ ከቱቦው ሥር ያለውን አፈር ቦርቡሮ ቱቦውን ይጥለዋል።

ቅየሳው በበጋ ቢሠራም ቦታውን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዝናብ እየጣለ ማየት ይመረጣል። ውሃ የሚተኛበትን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የባለሱቆቹን ግድግዳ ላይ የቀረውን የጎርፍ መስመርም ለኩ። ሰርቬየሩ ከሚያመጣው ነጥብ እኩል የሚጠቅም መረጃ ነው።

የውሃውን መጠን አስሉ

ለጥቂት ሄክታር የሚበቃው ስሌት ይህ ነው፦ የመሬቱ የማፍሰስ መጠን (ከወረደው ዝናብ ሳይሰርግ የሚፈሰው ድርሻ) ሲባዛ በዝናቡ ብርታት (በሰዓት ሚሊ ሜትር)፣ ሲባዛ በስፋቱ (ሄክታር)፣ ሲካፈል ለ360። ውጤቱ በሰከንድ ሜትር ኩብ ነው። የዝናቡ ብርታት በግምት አይያዝም፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የማፋሰሻ ዲዛይን መመሪያ አገሪቱን በዝናብ ክልል ከፍሎ ሰንጠረዡን አስቀምጧል።

ለምሳሌ 4 ሄክታር እንውሰድና ዝናቡ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ይሁን። ግማሽ ያህሉ አፈር ሳለ የማፍሰስ መጠኑን 0.55 ብንል በሰከንድ 0.61 ሜትር ኩብ ይመጣል። በ1 በመቶ ተዳፋት የተቀበረ ንጹሕ የ60 ሴንቲ ሜትር የአርማታ ቱቦ ሞልቶ የሚያሳልፈው ልክ ይህንን ነው። መንገዱ ሰፍቶ መጠኑ 0.75 ሲደርስ ውሃው 0.83 ይሆናል። ዝናቡ ያው፣ ሰፈሩም ያው፣ ቱቦው ግን ከአቅሙ ከሲሶ በላይ ትርፍ ውሃ መጣበት። የ75 ሴንቲ ሜትር ቱቦ በዚያው ተዳፋት 1.1 ያሳልፋል፤ ተዳፋቱ ግማሽ በመቶ ብቻ ከተገኘ ግን እሱም ወደ 0.79 ይወርድና 90 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ የቱቦ ስፋት ከተዳፋቱ ጋር ካልሆነ ለብቻው አይመረጥም።

የጠርዙን ከፍታ አስተካክሉ

አስፋልት ከመሀል ወደ ዳር አብዛኛውን ጊዜ 2.5 በመቶ ያዘቀዝቃል። አንድ መስመር 3.5 ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ጎን አንድ መስመር ሲጨመር ጠርዙ 8.75 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሁለት ሲጨመር 17.5። ይህ ሳይታሰብ የድሮው ቦይ አፍ በነበረበት ከተተወ ከአዲሱ አስፋልት በላይ ይቀራል። መሀሉን ከፍ አድርጎ ማካካስም ይቻላል፤ ያኔ ግን የግቢ በሮች ከመንገዱ በታች ይሆኑና ውሃው ወደ ሰው ቤት ይገባል። የእያንዳንዱ በር ደፍ ከፍታ የጠርዝ ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ይለካ። ከተደረደረ በኋላ የሚመጣ እርማት ሁሉ ማፍረስ ነው።

አንድ ጎን ብቻ ሲሰፋ የመንገዱ ወገብም፣ ውሃው ግራና ቀኝ የሚከፈልበት ከፍተኛው መስመር፣ መዛወር አለበት። ካልተዛወረ የሰፋው ጎን ቦይ የብዙ መስመር ውሃ ብቻውን ይሸከማል።

መንገድ ውስጥ የገባው አሮጌ ቦይ

በእግረኛ መንገድ ሥር የነበረው ቦይ መንገዱ ሲሰፋ ጎማ ሥር ይገባል። ክዳኑ ለሰው የተሠራ ስስ ስላብ ከሆነ ከባድ መኪና ይሰብረዋል፣ አስፋልቱም አብሮ ይሰምጣል። ተመራጩ አዲስ ቦይ ጠርዙ ላይ ሠርቶ አሮጌውን አፍርሶ በሰለክት (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) መሙላት ነው። አሮጌው የግድ ከቀረ ግድግዳውም ክዳኑም ለመኪና ጭነት እንደገና ይሠራ፤ የማንሆል ክዳኑም ለመኪና መንገድ የተመደበው ዲ400 ዓይነት፣ 40 ቶን የሚፈተነው ይሁን። ባዶውን ትቶ ላዩን አስፋልት ማልበስ ግን በክረምት ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው።

የውሃ መግቢያ አፎች

ብዙ መንገድ የሚጥለቀለቀው ቱቦው ጠቦ አይደለም፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ መግባት አቅቶት ነው። ከጠርዝ ድንጋዩ ጎን ያለው አፍ ከአስፋልቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ወይም ግንበኛው አፉ ላይ የሊሾ ትርፍ ከተወ፣ ጎርፉ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ አፉ ፊት ያለው አስፋልት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይሠራል።

ርቀታቸው የሚወሰነው ውሃው ከጠርዙ ተነስቶ ግማሽ መስመር ከመያዙ በፊት እንዲገባ ሆኖ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሜትር። ቁልቁለት ላይ ጎርፉ አፉን ዘሎ ስለሚያልፍ አፉ ይረዝማል ወይም ፍርግርግ ይታከልበታል። ጎድጓዳ ቦታ ላይ አንድ አፍ አይበቃም፤ ቢዘጋ ሌላ መውጫ የለም። ዝቅተኛው ነጥብ ላይ አንድ፣ ከግራና ቀኙ ጥቂት ሜትር ርቆ አንዳንድ ይጨመር። ከዜብራ በላይ በኩልም አንድ አስቀምጡ።

የፍርግርጉ ዘንግ ከመኪናው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ የብስክሌት ጎማ ይገባበታል፤ አግድም ይሁን። ብረቱ እንዳይሰረቅ በማጠፊያ ፍሬሙ ላይ ይታሰር። ከአፉ ኋላ ያለው ሳጥን ወለልም ከቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ደለሉ እዚያ ይቀራል።

ቱቦውን ስትቀብሩ

ቦሌና ቃሊቲ አካባቢ የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ መጋጠሚያዎችን የሚያላቅቀውም ይኸው ነው። ከቱቦው ሥር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ በሰለክት ይተካ። በላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። ሙሌቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይውጣ፤ አንድ ጊዜ ገልብጦ ላዩን በሮለር ማለፍ ከአንድ ክረምት በኋላ ይታወቃል። ትንሽ ቱቦ ከትልቅ ጋር ሲገናኝ ወለላቸው ሳይሆን ጣሪያቸው ይስተካከል፤ አለዚያ ትልቁ ሲሞላ ትንሹ ውስጥ ውሃ ይታቆራል።

ቦዩን የሚያቋርጥ ነገር አትተዉ። ብዙ ጊዜ ቦዩ ከተሠራ በኋላ የመጠጥ ውሃ ቱቦ ግድግዳውን ቀዶ በመሀሉ ያልፋል። አንድ ቀጭን ቱቦ ፌስታልና የሃይላንድ ፕላስቲክ ይይዛል፣ ደለል ይከተላል፣ ቦዩም ከዚያ በላይ ይደፈናል። የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመሮች ከቁፋሮው በፊት ከቦዩ በላይ ወይም በታች የሚያልፉበት ቦታ ይወሰን። የሽንት ቤት ፍሳሽም እዚህ አይገባም፤ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት።

ከመጨረሻው አስፋልት በፊት ፈትሹ

በአንዱ ማንሆል ባትሪ አብርታችሁ በሌላው ተመልከቱ፤ ሙሉ ክብ ብርሃን ካልታየ ቱቦው ተጣሟል ወይም ተዘግቷል። ቀጥሎ ውሃ በቦቴ አምጥታችሁ ጠርዙ ላይ ልቀቁና የተኛበትን በጠመኔ ክበቡ። ኋላ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር አስፋልት ሲደረብ 15 የነበረው አፍ 10 እንደሚሆንም አትርሱ።

የመጀመሪያው ጠረጋ ግንቦት ሳያልቅ ይደረግ፤ የሥራው ትርፍ አሸዋና ሲሚንቶ አብዛኛው ቦዩ ውስጥ ነው ያለው። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ይጫን፤ ጠርዙ ላይ ከተከመረ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።